የስም ፍለጋ ሲሰናከል የንግድ ቤት ሰርቨር እንዴት ይመረመራል?

ለንግድ ሥራ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ የታወቀ አድራሻ ነው። ዕቃው ምንም ቢያምር፣ ዋጋውም ምንም ቢረክስ፣ ገዢው የሻጩን ደጃፍ ካላገኘው ገበያ አይቆምም። በዚህም ምክንያት የቀድሞ ነጋዴዎች የፖስታ ሣጥን ቍጥራቸውን፣ የቴሌፎን ቍጥራቸውንና የቴሌግራም ስማቸውን በወረቀታቸው ራስጌ ላይ ያሳትሙ ነበር። የቴሌግራም ስም የሚባለው አንዲት አጭር ቃል ስትሆን፣ ላኪው ረጅሙን አድራሻ በሙሉ ሳይጽፍ ያችን ቃል ብቻ ቢያስመዘግብ፣ ቴሌግራፍ ቤቱ መዝገቡን ገልጦ የማን እንደ ሆነች በማየት መልእክቱን ለባለቤቱ ያደርስ ነበር።

ዛሬ በዚያች ቃል ፈንታ የዶሜይን ስም ገብቷል። ደንበኛው ስሙን ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሮች ግን እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት በቍጥር እንጂ በስም አይደለም። ስለዚህ ስሙን ተቀብሎ ቍጥሩን የሚመልስ መዝገብ ያስፈልጋል። ይህም መዝገብ በፊደላቱ አጠራር ዲ ኤን ኤስ ይባላል። ይህ መዝገብ ሲሰናከል፣ ሰርቨር የተባለው አገልጋይ ኮምፒዩተር ሙሉ ጤና ሳለው የሞተ ይመስላል። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ይደናገጣል፤ ሠራተኛውም ደኅናውን ነቃቅሎ የተበላሸውን ሳይነካ ያልፋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ትምህርት ይህን ዓይነቱን ከንቱ ድካምና ወጪ ለማስቀረት የሚረዳ ነው።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

ነገሩን በምሳሌ መረዳት ይቀላል። ወደ ኮልፌ ቀራንዮ አዲስ የመጣ አንድ እንግዳ ሱቅ ሲፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ ስምና የቤት ቍጥር ይዞ አይመጣም። አየር ጤና ላይ ከታክሲ ይወርድና በመጀመሪያ በኪሱ ያለችውን ማስታወሻ ያያል። በማስታወሻው ከሌለ በአቅራቢያው ያለውን ባለ ሱቅ ይጠይቃል። ባለ ሱቁ ካወቀ ይነግረዋል፤ ካላወቀ ግን ልጁን ልኮ ያስጠይቅለታል። ልጁም በመጀመሪያ ያገኘው ሰው፣ «የቤቴልን ነገር የቤቴል ሰዎች ያውቃሉ» ይለዋል፤ የቤቴል ሰዎች ደግሞ ሰፈሩን ያመለክቱታል፤ በሰፈሩም የቤቱ ባለቤት ራሱ ደጃፉን ያሳየዋል። እንግዳው የጠየቀው አንዱን ሰው ብቻ ቢሆንም መልሱ የመጣው በብዙ ሰዎች በኩል ነው።

ሰርቨሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አስቀድሞ «ሆስትስ» የተባለውን የራሱን ፋይል ያያል፤ ይህም የኪሱ ማስታወሻ ነው። በዚያ ካላገኘ ቍጥሩ የተመዘገበለትን ጠያቂ ሰርቨር ይጠይቃል፤ ይህም ባለ ሱቁ ነው። ጠያቂው ሰርቨር መልሱን ካላወቀ ከኤ እስከ ኤም ባሉት 13 ስሞች ከሚታወቁት የሥር ሰርቨሮች ወደ አንዱ ይሄዳል። እነርሱም የኢትዮጵያ ስሞች ሁሉ ወደሚጨርሱበት ወደ «ዶት ኢቲ» መዝገብ ይመሩታል። ይህን መዝገብ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከዚያም መዝገብ የንግድ ቤቱን ስም ወደያዘው ወደ ባለ መዝገቡ ሰርቨር ተመርቶ ቍጥሩን ይዞ ይመለሳል።

ከ1976 ዓ.ም. በፊት ይህ ሁሉ አልነበረም። በአሜሪካ የነበረው የመጀመሪያው የኮምፒዩተር መረብ ስሞቹንና ቍጥሮቹን የሚይዘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በሚጠበቅ በአንድ ፋይል ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ያንን ፋይል እየቀዳ ይወስድ ነበር። ማሽኖቹ ሲበዙ ግን አንድ መዝገብ የሁሉን ስም መያዝ አቃተው። ስለዚህ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው ሊቅ መዝገቡን ለየባለቤቱ የሚያከፋፍለውን ዲ ኤን ኤስን አወጣ። «ዶት ኢቲ»ም ለኢትዮጵያ የተሰጠው በ1988 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዛሬው ሥርዓት እያንዳንዱ ንግድ ቤት ለገዛ ስሙ መዝገብ ኀላፊ ሆኗል ማለት ነው።

ለንግድ ቤት የሚያመጣው ጉዳት

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአጠና ተራ አካባቢ፣ የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል አንድ ንግድ ቤት አለ እንበል። ሰርቨሩ ከጽሕፈት ቤቱ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጦ የዕቃ ሒሳቡን ይይዛል፤ የንግድ ቤቱንም ኢሜይል ይልካል። ቅዳሜ ማታ መብራት ይጠፋል፤ እሑድም ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ጸሓፊዋ በውጭ አገር ላለው አቅራቢ፣ «በፕሮፎርማው ዋጋ ተስማምተናል» የሚለውን ደብዳቤ ጽፋ ትልካለች። የደብዳቤው ፕሮግራም ምንም ስሕተት አላሳየም፤ ስለዚህ እንደ ደረሰ ትቈጥረዋለች።

ደብዳቤው ግን ከቤት አልወጣም። የደብዳቤ ሰርቨር የተቀባዩን ስም ወደ ቍጥር መለወጥ ሲያቅተው ወዲያው ተስፋ አይቈርጥም፤ ደብዳቤውን በተራ አቈይቶ 4 ወይም 5 ቀን ያህል ደጋግሞ መሞከር የተለመደ ነው። «አልደረሰም» የሚለው ማስታወቂያ ዐርብ ወይም ቅዳሜ ሲመጣ፣ የፕሮፎርማው ቀን አልፎ ዋጋው ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የዲ ኤን ኤስ ብልሽት ከሌላው ብልሽት ይልቅ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይጐዳል።

በታላላቅ ድርጅቶችም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። በጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሜሪካ በአማዞን ኩባንያ የኮምፒዩተር አገልግሎት ላይ አንድ የስም መዝገብ በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም ስሕተት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ማሽኖቹ ሳይቃጠሉ፣ ሽቦውም ሳይቈረጥ፣ በዓለም ላይ ብዙ ድርጅቶች ለብዙ ሰዓት ሥራቸው ተሰናከለ። ትልቁ ኩባንያ በአንድ ባዶ መዝገብ ከተጐዳ፣ በጀርባ ክፍል ያለው አንድ ሰርቨር ይበልጥ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ግልጽ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

መርማሪው ከሁሉ በፊት ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም ሳይጠይቁ አለመለወጥ፣ ሲለውጡም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፣ ነገሩ ቢስተካከል እንኳ ያስተካከለው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም።

1ኛ፤ በቍጥር መጥራት። ሰርቨሩ ወደ ውጭ የሚያደርሰው መንገድ መኖሩ በስም ሳይሆን በቍጥር ይፈተናል። «ፒንግ» በተባለው ትእዛዝ እንደ 8.8.8.8 ያለ የታወቀ ቍጥር ይጠራል። ቍጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ ካልሰጠ፣ መንገዱ ደኅና ሆኖ የታመመው የስም ፍለጋው ነው። ቍጥሩም ስሙም ካልመለሱ ግን በመጀመሪያ ሽቦውና ራውተሩ ይታይ። አንዳንድ ድርጅቶች ለፒንግ መልስ እንዳይሰጥ ስለሚዘጉ፣ አንድ ቍጥር ዝም ቢል ሌላ መሞከር ይገባል።

2ኛ፤ የኪስ ማስታወሻውን ማየት። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ «ኢቲሲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ ያለው «ሆስትስ» የተባለው ፋይል ይከፈት። ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ ባለሙያ ለጊዜው ብሎ የጻፈው መስመር በዚያ ሊገኝ ይችላል። ሰርቨሩ በተለመደው ሥርዓት ይህን ፋይል ከሁሉ አስቀድሞ ስለሚያምን፣ ዓለም ሁሉ አዲሱን ቍጥር ሲያውቅ እርሱ ብቻ በአሮጌው ሲሄድ ይኖራል።

3ኛ፤ የተጠያቂዎቹን ዝርዝር ማየት። ይህ «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» በተባለው ፋይል ውስጥ ይገኛል። ሰርቨሩ ከዚህ ዝርዝር የሚያነበው እስከ 3 ቍጥር ብቻ ነው፤ አራተኛው ቢጻፍም አይነበብም። የመጀመሪያው ተጠያቂ የማይሠራ ከሆነ፣ ሰርቨሩ እንደ ተለመደው 5 ሴኮንድ ጠብቆ ነው ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው። ስለዚህ ሥራው ሳይቆም ነገር ግን እያንዳንዱ ነገር ጥቂት ሴኮንድ እየዘገየ ከተከፈተ፣ ሰው «ማሽኑ አርጅቷል» ከማለቱ በፊት ይህን የመጀመሪያ መስመር ይመርምር። እንዲሁም በግቢ ውስጥ ብቻ የሚታወቁ ስሞች ያሉት ንግድ ቤት የግቢውን ተጠያቂና የውጭውን ተጠያቂ በአንድ ዝርዝር መቀላቀል የለበትም፤ የውጭው፣ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ከመለሰ ሰርቨሩ ያንን እንደ መጨረሻ ቃል ይቀበለዋልና።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይህ ፋይል በእጅ የሚጻፍ አይደለም፤ ማሽኑ በተነሣ ቍጥር ከመረቡ ቅንብር ላይ እንደ ገና ይጻፋል። በፋይሉ ላይ በእጅ የተደረገው እርማት ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋል። እርማቱ መደረግ የሚገባው በመረቡ ቅንብር ላይ ነው።

4ኛ፤ ተጠያቂውን ፊት ለፊት መጠየቅ። «ዲግ» ወይም «ኤን ኤስ ሉክ አፕ» የተባሉት ትእዛዞች፣ ለየትኛው ሰርቨር ጥያቄው እንደሚቀርብ ለመምረጥ ያስችላሉ። አንዱን ስም በመጀመሪያ ለተመዘገበው ተጠያቂ፣ ቀጥሎ ለሌላ፣ በመጨረሻም ለባለ መዝገቡ ሰርቨር ማቅረብ ይገባል። መልሶቹም እንደሚከተለው ይተረጐማሉ። «ኤን ኤክስ ዶሜይን» ማለት ተጠያቂው ተገኝቶ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ማለቱ ነው፤ ስሙ በትክክል መጻፉ ይታይ። «ሰርቭ ፌይል» ማለት ተጠያቂው ፈልጎ መልሱን ለማግኘት ወይም ለማረጋገጥ አለመቻሉ ነው። «ሪፊውዝድ» ማለት ሰምቶ እንቢ ማለቱ ነው። ጨርሶ ዝም ካለ ደግሞ ጥያቄው አልደረሰም፣ ወይም መልሱ በመንገድ ቀርቷል። እነዚህን አራቱን ለይቶ የጻፈ ሠራተኛ የምርመራውን እኩሌታ ጨርሷል።

5ኛ፤ በሩን መፈተሽ። የዲ ኤን ኤስ ጥያቄ የሚያልፈው በቍጥር 53 በር ነው። ይህም በር ዩ ዲ ፒና ቲ ሲ ፒ ለተባሉት ለሁለቱም የመላኪያ ዘዴዎች መከፈት አለበት። አጭሩ መልስ በዩ ዲ ፒ ይመጣል፤ መልሱ ሲረዝም ግን በቲ ሲ ፒ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመረቡ ዘበኛ የሆነው ፋየርዎል አንዱን ከፍቶ ሌላውን ቢዘጋ፣ አንዳንድ ስሞች ሲገኙ ሌሎች የማይገኙበት ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ይፈጠራል።

6ኛ፤ ሰዓቱንና ቀኑን ማየት። በማሽኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት በጠፋ ቍጥር የማሽኑ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። መዝገቦቹ የተፈረሙ ሲሆኑ ፊርማው የሚጸናበት ቀንና የሚያልቅበት ቀን ስላለው፣ ቀኑ የተሳሳተ ፊርማ መርማሪ ሰርቨር እውነተኛውን መልስ እንደ ሐሰት ቈጥሮ ይጥለዋል። ሰዓቱን ከመረብ ላይ ለማስተካከልም ስም መፈለግ ስለሚያስፈልግ፣ ሰርቨሩ ያለ ሰዓት ስም፣ ያለ ስም ሰዓት ሳያገኝ ይቀራል። መፍትሔው ቀኑን በእጅ አስተካክሎ ባትሪውን መለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ በኢትዮጵያ ዓመት መሙላት ሌላ ስሕተት መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ማሽኑ የሚቈጥረው በአውሮፓውያን ነውና።

7ኛ፤ የራስን መዝገብ ማንበብ። ንግድ ቤቱ የስሙን መዝገብ በገዛ ሰርቨሩ የሚይዝ ከሆነ፣ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ትልቅ ጥፋት ያደርሳሉ። አንደኛው ነጥብ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ነጥብ ካልተደረገበት፣ ሰርቨሩ ስሙ ያላለቀ መስሎት የንግድ ቤቱን ስም እንደ ገና ይቀጥልበታል፤ ስሙም ሁለት ጊዜ የተደገመ ይሆናል። ሁለተኛው የመዝገቡ ተራ ቍጥር ነው። መዝገቡ በተለወጠ ቍጥር ይህ ቍጥር ከፍ ማለት አለበት፤ ካላለ ረዳቱ ሰርቨር አዲሱን መዝገብ አይቀዳም። የተለመደው አጻጻፍ ዓመትን፣ ወርን፣ ቀንንና የዕለቱን ተራ ማከታተል ነው። አንዱ ሠራተኛ በአውሮፓውያን 2026031501 ብሎ የጻፈውን፣ ሌላው ያንኑ ዕለት በኢትዮጵያ አቈጣጠር 2018070602 ብሎ ቢያርመው፣ ለሰው አእምሮ ትክክል ቢመስልም ቍጥሩ ወደ ኋላ ስለ ሄደ ረዳቱ ሰርቨር በአሮጌው መዝገብ ጸንቶ ይቀራል። ደንበኞችም እኩሌታው አዲሱን፣ እኩሌታው አሮጌውን አድራሻ ያገኛሉ። ስለዚህ በአንድ ንግድ ቤት አንድ አቈጣጠር ብቻ ይወሰን።

8ኛ፤ አሮጌ መልስ የሚቈይበትን ጊዜ ማወቅ። ሱቁ ከአጠና ተራ ወደ ዘነበ ወርቅ ከተዛወረ በኋላ፣ የሰፈሩ ሊስትሮ ለጥቂት ቀን ሰዎችን ወደ አሮጌው ደጃፍ ይመራ ይሆናል። ጠያቂ ሰርቨሮችም አንድ ጊዜ ያገኙትን መልስ ለተወሰነ ሴኮንድ ይይዙታል። ጊዜውን የሚወስነው ባለ መዝገቡ ራሱ ነው፤ 3600 ማለት አንድ ሰዓት፣ 86400 ማለት አንድ ቀን ነው። ሰርቨሩን ለማዛወር ያሰበ ሰው አሮጌው ጊዜ እስኪያልቅ የሚበቃ ቀን ቀደም ብሎ ወደ 300 ሴኮንድ ዝቅ ማድረግ፣ ከዝውውሩም በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ ይገባዋል። አስቀድሞ ያላሰበ ግን ከመታገሥ በቀር ሌላ መድኀኒት የለውም።

ምርመራው ወደ ምን ያደርሳል?

በምሳሌ የቀረበው የአጠና ተራ ንግድ ቤት በዚህ ቅደም ተከተል ቢመረመር የሚገኘው ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል። ቍጥሩ ሲጠራ ይመልሳል፤ እንግዲህ ሽቦው ደኅና ነው። በኪስ ማስታወሻው ያልሆነ መስመር የለም። ተጠያቂዎቹ ሲጠየቁ ግን ሁለቱም «ሪፊውዝድ» ይላሉ። ቍጥሮቹ ሲመረመሩ ንግድ ቤቱ ከወራት በፊት የተወው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ቍጥሮች ሆነው ይገኛሉ። አገልግሎት ሰጪዎች በተለመደው አሠራር ጠያቂ ሰርቨሮቻቸውን ለገዛ ደንበኞቻቸው ብቻ ይከፍታሉ። መስመሩ በተለወጠ ጊዜ ባለሙያው አዲሶቹን ቍጥሮች በፋይሉ ላይ በእጅ ጽፎ ሄዷል፤ በመረቡ ቅንብር ላይ ግን አላረመም። ሰርቨሩ ሳይጠፋ ስለ ቈየ ስሕተቱ ተሸሸገ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አሮጌው ቅንብር ተመለሰ።

መፍትሔው ሁለት ቍጥሮችን በትክክለኛው ቦታ መጻፍ ብቻ ነው። አዲስ ሰርቨር መግዛት አያስፈልግም፤ ቢገዛም አሮጌው ቅንብር ወደ አዲሱ ቢገለበጥ ብልሽቱ አብሮ ይገለበጣል። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ በአገሪቱ አማራጭ መስመር ስላለ፣ መስመር የሚለውጥ ንግድ ቤት ይህን ነገር በተለይ ሊያስብበት ይገባል። መስመር በተለወጠ ዕለት ሰርቨሩን በፈቃድ አጥፍቶ ማስነሣት፣ ወደፊት በማይመች ቀን ከሚመጣ ድንገተኛ ብልሽት ያድናል።

ስለ መዝገብ አያያዝ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚጠቅመው ጽሑፍ ካለ ነው። ነጋዴ ያለ ሒሳብ መዝገብ እንደማይሠራ ሁሉ፣ ሰርቨር ያለውም ንግድ ቤት ያለ ቅንብር ደብተር ሊሠራ አይገባውም። በደብተሩም ላይ የሰርቨሩ ቍጥር፣ የተጠያቂዎቹ ቍጥሮች፣ ቅንብሩ የሚጻፍበት ፋይል፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው፣ የተደረገው ለውጥ ሁሉ ከነቀኑና ከነሠራተኛው ስም ይጻፍ። ደብተሩ በሰርቨሩ ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ ሰርቨሩ በማይከፈትበት ቀን ደብተሩም አይነበብምና በወረቀት ታትሞ በካዝና ይቀመጥ።

በመጨረሻም የዶሜይን ስሙ በማን ስም እንደ ተመዘገበ ባለቤቱ ራሱ ያረጋግጥ። ስሙ በቅጥር ባለሙያው የግል ስምና ኢሜይል ተመዝግቦ ከሆነ፣ ባለሙያው ሥራውን በለቀቀ ጊዜ ንግድ ቤቱ የገዛ ስሙን ለማስመለስ ይቸገራል። የማደሻው ቀን ካለፈ ደግሞ ቅንብሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል፤ ይህንንም ብልሽት ከዚህ በላይ ከተጻፉት ስምንት ምርመራዎች አንዱም አያድነውም። ስለዚህ የማደሻው ቀን ከንግድ ፈቃዱ ማደሻ ጐን በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ በየዓመቱ ይታይ።